አሥሩን አይብ ማን ሠራው?

ዳዊትና ጎልያድን የማያውቅ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ የለም። የጎልያድን ቁመት፣ የጥሩሩን ክብደት፣ ከወንዙ የተመረጡትን አምስት ድንጋዮች ገና ፊደል ሳንቆጥር በመዝሙርና በሥዕል ተምረናቸዋል። ነገር ግን ዳዊት በዚያን ቀን ከቤቱ የወጣው ሊዋጋ አልነበረም፤ ስንቅ ሊያደርስ ነበር። አንደኛ ሳሙኤል 17ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አባቱ እሴይ ለሦስቱ ታላላቅ ወንድሞቹ የተጠበሰ እሸትና አሥር እንጀራ፣ ለሻለቃቸው ደግሞ አሥር አይብ አስይዞ ላከው። ከቤተ ልሔም እስከ ኤላ ሸለቆ 20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ዳዊት ማልዶ ተነሣ፣ ተሸክሞ ሄደ፣ ሰፈሩ ሲደርስ የያዘውን ለዕቃ ጠባቂው ትቶ ወደ ሰልፉ ሮጠ። ከዚያ በኋላ ስለ አይቡ አንድም ቃል አይነገርም። ድንጋዩ ታሪክ ሆነ፤ አይቡ ዕቃ ጠባቂው ዘንድ ቀረ።

እኔ ግን ይህን ምዕራፍ ባነበብሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። አሥሩን አይብ ማን ሠራው?

ዕብራይስጡ ቃል በቃል «አሥር የወተት ቁራጭ» ይላል። ተቆርጦ የሚያዝ፣ መንገድ የሚችል ጠንከር ያለ አይብ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለው አይብ ደግሞ በአንድ ጠዋት አይደርስም። ያለበው፣ ያረጋው፣ ውኃውን ያጠለለው፣ የጠፈጠፈው ሰው አለ። ያ ሰው ዳዊት ከመነሣቱ ከቀናት በፊት ሥራ ጀምሯል። ስሙ ግን አልተጻፈም። ከብዙ ዘመን በኋላ በአንደኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ የኢየሩሳሌምን የላይኛውንና የታችኛውን ከተማ ስለሚለይ አንድ ሸለቆ ሲጽፍ «የአይብ ሠሪዎች ሸለቆ» ብሎ ይጠራዋል። ሸለቆው ሙያውን አስታወሰ፤ ከሙያተኞቹ አንዱንም በስም አላስታወሰም።

ይህ ለእምነት ሕይወታችን ምን ይመለከተዋል? እንዲህ ብዬ ልጠይቃችሁ። ዋጋውን የማናውቀውን ነገር በእውነት ማመስገን እንችላለን? ማዕድ ቀርቦ ዓይናችንን ጨፍነን «ጌታ ሆይ፣ ስለዚህ ምግብ እናመሰግንሃለን» ስንል ስለ ምን ማመስገናችን ነው?

በማስተምርበት ክፍል አይብ ከምን ይሠራል ብዬ ስጠይቅ «ከወተት» የሚለው መልስ ወዲያው ይመጣል። «እንዴት?» ስል ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንዱ «ወተቱ ሲበላሽ» ይላል፤ ሁሉም ይስቃል። ስለዚህ ለጥያቄው መልስ ከመፈለጋችን በፊት አይብ እንሥራ። ይህን የምለው ለእህቶች ብቻ አይደለም። «ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» የሚለውን ተረት ለአንድ ሳምንት አስቀምጡትና ወንድሞችም ግቡበት።

4 ሊትር ወተት ግዙ። ስቡ ካልተነሣለት፣ ላም ካላቸው ጎረቤቶች ቢሆን ይሻላል። (ጎረቤቶቻችን በሚጾሙበት ወራት ወተት ፈላጊ ስለሚቀንስ በቀላሉ ታገኛላችሁ።) ጥሬ ወተት በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል አፍሉት፤ ለብ እስኪል አቀዝቅዙት፤ ሁለት ማንኪያ እርጎ ለእርሾ ጨምሩበትና ከድናችሁ አስቀምጡት። ገጠር ቢሆን ዕቃው አስቀድሞ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ሽታውም ጣዕሙም ከዚያ ይመጣል። አሁን መጠበቅ ነው። አንድ ቀን ወይም ሁለት፣ ክረምት ከሆነ ሦስት። ነካ ነካ አታድርጉት። በዚህ ጊዜ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን የወተቱን ስኳር ወደ አሲድ እየለወጡ ነው፤ አሲዱ ሲበዛ የወተቱ ፕሮቲን እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ወተቱ ይረጋል። እናቶቻችን አሲድ የሚል ስም ሳይሰሙ ይህን በአፍንጫቸው ብቻ ያውቁት ነበር። የረጋና የተበላሸ ወተት ለማያውቅ ሰው አንድ ነው። ለሚያውቅ ግን ሽታው ይለያል።

ከዚያ መናጥ ይመጣል። ቅል ከሌላችሁ ክዳኑ የሚጠብቅ፣ አፈ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። ግማሹን ብቻ ሙሉት፤ እርጎው የሚላጋበት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ናጡ። አሥር ደቂቃ ትንጣላችሁ፤ ምንም የለም። ሃያ ደቂቃ፤ ምንም የለም። ትከሻችሁ ይነግራችኋል፤ ቀጥሎ አንጓችሁ። ወደ ሌላኛው እጅ ታዛውራላችሁ። ስልካችሁን ልታዩ ትሞክራላችሁ፤ ግን አይቻልም፤ ሁለቱም እጅ ተይዟል። በመካከሉ «ይህ ነገር አይሆንም» የምትሉበት ሰዓት ይመጣል፤ አብዛኛው ጀማሪ የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ድምፁ ይለወጣል። ድፍን የነበረው ይቀጥናል፤ ውስጡ እብጥ እብጥ ያለ ነገር ሲጋጭ ይሰማችኋል። ቅቤው ተሰበሰበ። ገጠር ያለች እናት በትልቅ ቅል ወይም በገንቦ ስትንጥ አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት፣ ከሁለት ሰዓትም በላይ ይፈጅባታል፤ ያውም ሕፃን አዝላ።

ቅቤውን አውጡት። የቀረው አሬራ ነው። የእኛ አይብ የሚሠራው ከዚህ ነው፤ ቅቤው ከተወሰደለት ቅሬታ። ይህን ልብ በሉት። በብዙ የገጠር ቤት ቅቤው ገበያ ይወጣና ጨው፣ ደብተርና እርሳስ ሆኖ ይመለሳል። 1 ኪሎ ቅቤ ከ20 ሊትር በላይ ወተት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ቤተ ሰቡ ራሱ የናጠውን ቅቤ ሁልጊዜ አይበላም። የሚበላው አይቡን ነው።

አሬራውን በድስት አድርጋችሁ በጣም በዝግታ በሚነድ እሳት ላይ ጣዱት። አታማስሉት። አይፍላ። ጣት ሲነክሩበት የሚያሞቅ ግን የሚቻል፣ 50 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ጀማሪ ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ እሳቱን ከፍ ሲያደርግ አይቡ ይጠነክራል፤ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። በዝግታ ሲሞቅ ግን ነጩ ከውኃው እየተለየ ወደ ላይ ይመጣል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ቢጫ የሆነ አጓት ይታያል። አውርዱት፤ ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት።

አሁን ጨርቁን ፍቱና እዩት። ለ1 ኪሎ አይብ 8 ሊትር ያህል ወተት ያስፈልጋል፤ ከ4 ሊትሩ የምታገኙት ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው። ሦስት ወይም አራት ቀን፣ የሚያምም ትከሻ፣ ከድስት አጠገብ አለመለየት። ወጣቶች በተሰበሰቡበት ማዕድ ላይ ከክትፎ ጋር ቢቀርብ አምስት ደቂቃ አይቆይም።

የመጀመሪያ አይባችሁን ሠርታችሁ ስትጨርሱ ምን ታውቃላችሁ? የአሠራሩን ስልት ብቻ አይደለም፤ እስከ ዛሬ የበላችሁት አይብ ሁሉ ማን እንደ ሠራው አስባችሁ እንደማታውቁ ታውቃላችሁ።

ድሮ ሰው ጥሩ ምግብ ሲበላ ለሠራችው ሴት «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ይላት ነበር፤ ዛሬም የሚሉ አዛውንቶች አሉ። ይህን ምርቃት ልብ ብላችሁ መርምሩት። «ጣፋጭ ነው» አይልም። ስለ እጇ ነው የሚናገረው፤ ስለ መገጣጠሚያዋ። ይህን ምርቃት መጀመሪያ የተናገረ ሰው መናጥና መፍጨት የሴትን አንጓ ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው ነው። ምስጋናው ውስጥ እውቀት አለ። እኛ ዛሬ «ሼፉ ይመቸው» ብለን እንስቃለን። ይህም ደግ ቃል ነው፤ ነገር ግን ምን እንደ ተከፈለ የሚያውቅ ቃል አይደለም።

እንግዲህ መልሴ ወደዚህ ያዘነብላል። ዋጋውን ሳያውቁ የሚያመሰግኑት ምስጋና ውሸት አይደለም፤ ግን ቀብድ ነው። ቀብድ ከሰጠን በኋላ ቀሪውን ማወቅና መክፈል አለብን።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይመጣል፤ ሁለቱንም በአክብሮት እንስማ።

አንደኛው ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚመጣ ነው። «ሰጪው እግዚአብሔር ነው፤ ሰውን ባመሰገንን ቁጥር ክብሩን እንሻማለን።» በመካከላችን አንድ ሰው ሲመሰገን «ክብሩን ጌታ ይውሰድ» ማለት የተለመደ ነው፤ ከትሑት ልብ ሲወጣ ያማረ ቃል ነው። ነገር ግን የሚመሰገነው ሰው ስለ ራሱ ሲለውና እኛ ሌላውን ላለማመስገን ስንለው እኩል አይደለም። ስለ ጸጋ እንደ ጳውሎስ የጻፈ የለም። ይኸው ጳውሎስ የሮሜን መልእክት ሲዘጋ ምዕራፍ 16ን በስም ሞላው፤ ፌበን፣ ስለ ነፍሱ አንገታቸውን ለሞት ያቀረቡት ጵርስቅላና አቂላ፣ ብዙ የደከመችው ማርያም፣ ጠርሲዳ፣ ለእርሱም እናት የሆነችለት የሩፎስ እናት። የሩፎስ እናት ለጳውሎስ ምን አደረገችለት? አልተጻፈም። እኔ ግን ከማጀት የራቀ ነገር ነው ብዬ አላስብም። ጳውሎስ እነዚህን ስሞች በመጻፉ ከእግዚአብሔር ክብር አንድ ፍሬ አልጎደለም።

የገዛ ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። ለእግዚአብሔር «አመሰግንሃለሁ» እንላለን፤ ውኃ ላቀበለን ልጅም «አመሰግናለሁ» እንላለን። ቃሉ አንድ ነው። እስከ ዛሬ ማንም በዚህ አልተሰናከለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «የምንጠቀምበትን ሁሉ ዋጋ ማን ሊያውቅ ይችላል? ጫማዬን የሰፋው፣ ስልኬን የገጣጠመው፣ ቡናዬን የለቀመው ማን ነው? ይህን ሁሉ ካላወቅህ አታመሰግንም ከተባልሁ አፌን ልዝጋ ነው።» እውነት ነው። ሕፃን ልጅ የእናቱን ምጥ አያውቅም፤ ሆኖም ፈገግታው ምስጋና ነው። እግዚአብሔርም ያወቅነውን ብቻ አይደለም የሚቀበለን። ስለዚህ ከአለማወቅ ሁሉ ጥፋት አልፈልግም። ነገር ግን ሩቅ ስለሆነብኝ የማላውቀውና አጠገቤ ሆኖ ልጠይቅ ያልፈለግሁት ልዩነት አላቸው። ስልኬን የገጣጠመው ሰው ባሕር ማዶ ነው። ወጡን የሠራችው ልጅ ግን በግድግዳው ማዶ ናት።

ስለ እርሷ ልናገር። በከተማችን ብዙ ቤቶች ውስጥ ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ አለች፤ ዕድሜዋ የእናንተ ዕድሜ ነው። እሑድ ጠዋት ቤተ ሰቡ ለአምልኮ ይወጣል። እናንተም መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። እርሷ ትቀራለች፤ ከአምልኮ ስንመለስ ምሳ መድረስ አለበትና። ከዚያ ገብተን፣ እጅ ታጥበን፣ ስለ ምግቡ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን፤ ጸሎቱም አንዳንድ ጊዜ ረጅም ነው። እርሷ በዚያ ሰዓት ማጀት ውስጥ ቆማ «አሜን» እስክንል ትጠብቃለች።

ያመሰገንነው ጌታ እርሷንም ያያል ብሎ ማመን ቀላል ነው። የሚከብደው እርሱ ሲያይ እኛ አለማየታችን ምን እንደሚባል መመለስ ነው።

ደግሞ በአማርኛ ከ«አመሰግናለሁ» የጠለቀ ሌላ ቃል አለን፤ «እግዜር ይስጥልኝ»። ይህን ቃል እወደዋለሁ። «ስለ እኔ እርሱ ይስጥሽ» ማለት ነው፤ ዕዳ እንዳለብኝ ያምናል፣ መክፈል እንደማልችል ያምናል፣ የሚችለውንም ይጠራል። በአንድ ቃል ሰውንም እግዚአብሔርንም ያከብራል። ነገር ግን ይኸው ቃል መሸሺያ ሊሆን ይችላል። መክፈል የምችለውን ዕዳ «እርሱ ይክፈልሽ» ብዬ ብሄድ ምን አደረግሁ? ያዕቆብ ለራበው ሰው በደኅና ሂድ፣ ጥገብ እያለ ምንም ስለማይሰጥ አማኝ የጻፈው ይህንኑ ነው። ያው ያዕቆብ በምዕራፍ 5 የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ እንደሚጮኽና ጩኸቱ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ይናገራል። የኦሪት ዘዳግም 24 ሕግም የድሀውን ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ ስጠው ይላል። ደመወዝ ለሚዘገይባት ልጅ «እግዜር ይስጥልኝ» ብንላት ቃሉ ምስጋና አይሆንም።

ወደ ዳዊት ልመለስ፤ ይህን ጉዳይ ከሁሉም በላይ የሚያበራው እርሱ ነውና። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ዓዶላም ዋሻ አጠገብ ሳለ፣ የቤተ ልሔም በር አጠገብ ካለው ጕድጓድ ውኃ አማረው። ሦስት ኃያላን የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር ሰንጥቀው ገብተው ቀዱለት። ዳዊት ግን ሊጠጣው አልፈቀደም፤ የሰዎች ደም ነው ብሎ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ሁለተኛ ሳሙኤል 23 ላይ ታገኙታላችሁ። ለብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ ግር ይለኝ ነበር። ነፍሳቸውን ሰጥተው ያመጡለትን ውኃ መሬት ላይ ማፍሰስ ስድብ አይሆንም? አሁን የሚመስለኝ እንዲህ ነው። ዳዊት ውኃውን ያየው በዋጋው ነው። ዋጋው ደግሞ ሊከፍለው የማይችለው ነበር፤ ለሰዎቹ ሊመልሰው የሚችል ነገር ስላልነበረው ለእግዚአብሔር ሰጠው። «እግዜር ይስጥልኝ» በቦታው የሚውለው እንዲህ ባለ ዕዳ ላይ ነው። ገና ልጅ ሳለ ስንቁን ለዕቃ ጠባቂው ጥሎ የሮጠው ያው ዳዊት ነው። ያኔ ያደረገው ጥፋት ነው አልልም፤ ጦርነት ነበር። ግን በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያ ሰው አድጓል።

የእኛ ዕዳ ከዳዊት ይለያል። የማጀቷ ልጅ ዕዳ አብዛኛው ሊከፈል የሚችል ነው። ደመወዟን በቀኑ መስጠት ለእናንተ ለልጆቹ ላይሆን ይችላል፤ ለወላጆቻችሁ ግን በአክብሮት ማንሣት ትችላላችሁ። እሑድ ምሳን ቅዳሜ ማታ አብሯችሁ ሠርታችሁ እርሷ ወደምትፈልገው አምልኮ እንድትሄድ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ከእናንተ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ቢሆንም እንኳ። ማታ ትምህርት የምትማር ከሆነ ሰሃኑን የሚያጥብ ሌላ ሰው በቤቱ አይጠፋም። በስሟ መጥራት ደግሞ ምንም አያስወጣም።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ጠብቁ። ሄዳችሁ «ስለምትሠሪልን ሁሉ አመሰግንሻለሁ» ብትሏት ታፍራለች፤ «ኧረ ምን አደረግሁ?» ትላለች፤ እናንተም ታፍራላችሁ፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ከዚያ ይልቅ 4 ሊትር ወተት ይዛችሁ ግቡና «አይብ አሠራር አሳዪኝ» በሏት። ከዚህ የምትማሩት ከእኔ ጽሑፍ ይበልጣል፤ እኔ በዲግሪ የነገርኋችሁን ሙቀት እርሷ የምታውቀው በእጇ ጀርባ ነው። በአገሯ ጤና አዳም ይጨመርበት እንደሆነ፣ እናቷ ስንት ሰዓት ትንጥ እንደ ነበር፣ ቅቤው የት ገበያ ይወጣ እንደ ነበር ጠይቋት። አንዳንዱን ትነግራችኋለች፤ አንዳንዱን አትነግራችሁም። ናጡ፤ ስትደክሙ ትቀበላችሁ። እሳቱን ስታበዙ ግን ዝም አትላችሁም፤ «ቀንሱት፣ ቀንሱት» እያለች ትስቅባችኋለች።